የኔ ድርሻ «ለምለም» ማለት ነበር

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ በዋዜማው ምሽት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ቄጤማው እርጥብ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይዟል፤ የድፎው ሽታ ከጓዳ እየመጣ ነው። ሌላ ዓመት አጭር መልካም ምኞት እልክላችሁና እተኛ ነበር። ዘንድሮ ስላሳደጉኝ ዘፈኖች ላጫውታችሁ ፈለግሁ፤ ከሁሉም በላይ ስለ አንዱ።

በልጅነቴ ለእንቁጣጣሽ ሰፈር ለሰፈር ስንዞር እኔ አውራጅ ሆኜ አላውቅም። አውራጃችን ድምፀ መረዋ የሆነች ታላቃችን ነበረች። እሷ «አበባየሆሽ» ስትል እኛ «ለምለም» እንላለን። የኔ ድርሻ ይኸው ነበር፤ ሌላው ያወጣውን ቃል መቀበል።

ከተማችን 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ አደይ እንደ ደጋው በየሜዳው አትፈካልንም። በጳጉሜን ከደንገጎ ዳገት የሚወርዱ እናቶች ሣርና አበባ ተሸክመው ቀፊራ ገበያ ሲገቡ እማዬ አንድ እቅፍ ትገዛልኛለች። ያቺን አበባ እስኪነጋ ውኃ ውስጥ ነክሬ አጠገቧ እተኛለሁ።

ዘፈኑ ውስጥ ሁላችሁም የምታውቋት ስንኝ አለች፦

እንኳን ቤትና የለኝም አጥር
እደጅ አድራለሁ ኮከብ ስቆጥር

እኔ ይህች ስንኝ ለድሬዳዋ የተገጠመች ይመስለኝ ነበር። ሙቀት ሲበረታ አልጋችንን ግቢ አውጥተን ነበር የምንተኛው። እማዬ አንሶላውን ውኃ ትረጭልናለች፤ እኔና ወንድሞቼ በጀርባችን ተንጋልለን ኮከብ እንቆጥራለን። አባዬ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። የሌሊት ተረኛ ሆኖ ከለገሃር ሲመለስ እንዳይቀሰቅሰን ጫማውን በእጁ ይዞ በአልጋዎቻችን መሀል ያልፋል። ስለዚህ «እደጅ አድራለሁ» ስንል ደስታ ነበር የምዘፍነው። የሚያዝን ሰው የዘፈነው መሆኑን ማን ነግሮኝ!

ሌሎቹን ዘፈኖች የሰጠችኝ ከተማዋ ራሷ ናት። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ሰው ከየአቅጣጫው ቋንቋውን ይዞ ነው የመጣባት። ከአጥራችን ወዲያ ያሉት ጎረቤቶቻችን ሐሙስ ማታ ለጁምዓ አጥቢያ ይሰበሰቡ ነበር። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ድቤው ይመታል፣ አንድ ሽማግሌ መንዙማ ያወርዳሉ። እኛ ልጆቹ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን ትርጉሙን ሳናውቅ እንቀበላለን። እማዬ የቁልቢ ገብርኤልን ስለት አንድም ዓመት ሳታጓድል ታኅሣሥ 19 የምትሄድ ሰው ናት። አንድ ቀን እንኳ ከአጥሩ ውረዱ ብላን አታውቅም። ወደ ቁልቢ ስትነሳ ደግሞ የመንገድ ስንቋ ላይ ዳቦ የምትጨምርላት ያችው የመንዙማው ቤት እመቤት ነበረች። ሃይማኖቴን በዚህ መሀል አላጣሁም። እንዲያውም ጸሎት የሚያወርድና የሚቀበል እንደሚፈልግ የገባኝ እዚያ አጥር ላይ ነው፤ ቅዳሴ ቤት ገብቼ ካህኑ ሲያወርድ ሕዝቡ ሲቀበል ስሰማ አዲስ አልሆነብኝም።

የገንደ ቆሬውን ልጅ አሊ ቢራንም ሳላነሳ አላልፍም። «ቢራ» የሚለውን ስም ያገኘው በልጅነቱ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር ከዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። ቢራ በኦሮምኛ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት ወቅት ነው። የኛው መስከረም ማለት ነው እኮ! ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ባወቅሁ ጊዜ እኛ «ለምለም» እያልን የምንዞርበትንና እሱ ስሙን ያገኘበትን ብርሃን አንድ አድርጌ አየሁት፣ ደስታዬም ልክ አልነበረውም። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በዐረብኛ ዘፍኗል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አርፎ ቀብሩ እዚሁ ሲፈጸም ከሕዝቡ መሀል ቆሜ ነበር። አጠገቤ ያለ ጎረምሳ ዘፈኑን ሲጀምር በቋንቋው የማልናገረው እኔ ከነአዝማቹ ተቀበልኩት። ልጁ ዞር ብሎ አየኝና እጄን ያዘኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም.። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ሰው በተኛበት በደቻቱ ወንዝ ወረደ። በበጋ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ደረቅ አሸዋ በአንድ ሌሊት ቤት ተሸክሞ ሄደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። የኛ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ተረፈ። ስለዚያ ሳምንት ብዙ አልጽፍም፤ የነበረ ሰው ያውቀዋል።

ከ36 ቀን በኋላ መስከረም 1 ነጋ። በየሰፈሩ ሐዘን ስለነበረ ማንም ይዘፍናል ብለን አልጠበቅንም። እማዬም ዶሮ አላረደችም፤ ሽሮ ነበር የጣደችው። ረፋዱ ላይ ከደጃፍ ድምፅ ሰማን። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ አንዲት ልጅ ብቻዋን ቆማለች። አበባ የላትም፤ ከመንገድ ዳር የነጨችው ሣር ነው በእጇ ያለው።

«አበባየሆሽ» አለችና ዝም አለች። ተቀባዮቿ «ለምለም» የሚሉባትን ያህል ጊዜ ጠበቀች። የሚመልስ አልነበረም። እንደገና «አበባየሆሽ» አለች፤ እንደገና ያንኑ ያህል ጠበቀች።

እኔ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። እማዬ ማማሰያውን እንደያዘች ከጓዳ ወጣች።

«ለምለም» አለች።

ልጅቷ ቀና አለች። «ባልንጀሮቼ።»

«ለምለም።»

«ቁሙ በተራ።»

በሦስተኛው እኔም ገባሁ። «እንጨት ሰብሬ፣ ቤት እስክሠራ» እያለች ወረደች፤ ሁለታችን እየተቀበልናት ሄድን። ከዚያ ያቺ ስንኝ መጣች። «እንኳን ቤትና የለኝም አጥር» ስትል ድምጿ አልተለወጠም፤ እንደ ማንኛውም ስንኝ ነው ያለቻት። የተለወጠው የእማዬ ድምፅ ነው። እንባዋ እየወረደ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ አንዲትም ሳትዘል እስከ መጨረሻው ተቀበለቻት።

ባልንጀሮችሽ የት አሉ ብላ አልጠየቀቻትም። አስገባቻት፣ እጇን አስታጠበቻት፣ አብልታ ሸኘቻት። ከአክስቷ ጋር ድንኳን ውስጥ እንደምታድርና ባለፈው ዓመት አራት ሆነው ይዞሩ እንደነበር የሰማነው ከቀናት በኋላ ነው።

ይህ ከሆነ 19 ዓመት ሞላው። ያቺን ስንኝ ከዚያ ወዲህ በልጅነቴ ደስታ ዘፍኛት አላውቅም። ግን ደግሞ የልጅነቴ አልጋና ኮከቡ ከውስጧ አልጠፉም፤ ሁለቱም አብረው ይመጡብኛል። እግዚአብሔር እንዴት ሰው አጠገብ እንደሚቆም ሲጠይቁኝ የሚታየኝ ማማሰያ የያዘችው እናቴ ናት። ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም።

ስለዚህም በየበዓሉ አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ዘፈኑ አሁን ከየሱቁ በትልልቅ ስፒከር ይለቀቃል። ስፒከሩ ራሱ ያወርዳል፣ ራሱ ይቀበላል፤ ከሰው ምንም አይጠብቅም። ልጆቹም ይህን ለምደው በር ላይ ሁለት ስንኝ ብለው እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ እኛም በበሩ ስንጥቅ ብር አቀብለን እንዘጋለን። እባካችሁ ነገ እንዲህ አታድርጉ። ውጡና ተቀበሏቸው። ብሩ ይደርሳል። እኔ ከዚያ ዓመት ወዲህ ዘፈኑ ሳያልቅ ቦርሳዬን አልከፍትም።

እማዬ አሁን ጆሮዋ ደክሟል። ዛሬ ከሰዓት ቄጤማውን ስናጥብ ጠጋ ብዬ በጆሮዋ «አበባየሆሽ» አልኳት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ አወረድኩ ማለት ነው። ሣሩን ሳታስቀምጥ መለሰችልኝ። ነገ በጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ ወንበሯን ደጃፍ ላይ አወጣላታለሁ። ከቀፊራም ከለገሃርም የምትመጡ ልጆች ካላችሁ በራችን ክፍት ነው፤ ጮክ ብላችሁ ብቻ ዘፍኑላት።

እናንተንም ልጆቹ ሲሰናበቱ እንደሚመርቁት ልመርቃችሁ። ከብራችሁ ቆዩኝ፣ ከብራችሁ፤ በዓመት ልጅ ወልዳችሁ፣ ሠላሳ ጥጃ አስራችሁ፣ ከብራችሁ ቆዩኝ።