ትንሿ ባንድ ሶው ጠማማ አይደለችም

በስደት አገር ቀን ለሰው ተቀጥሮ፣ ማታ ለራሱ ብረት የሚበይድ ሰው ካለ ይህ ጽሑፍ ለእሱ ነው። አቅም እንደፈቀደ ከምንገዛቸው ዕቃዎች አንዷ ትንሿ የብረት ባንድ ሶው ናት፤ በሁለት መዘውሮች ላይ እንደ ቀለበት በሚዞር ምላጭ ብረት የምትቆርጥ ማሽን። እንደ ግራይንደር ጆሮ አትበሳም፣ ብልጭታ አትረጭም። በተከራዩት ቤት ጋራዥ ውስጥ ማታ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከጎረቤት መጣላት ለስደተኛ አያዋጣም።

ግን ስሟ ጠፍቷል። «አጣማ ትቆርጣለች» ብለው ገዝተው የሚሸጧት ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ማስተካከል ነው።

ሥራውን የለመድኩት ቋንቋው ገና ሳይገባኝ በተቀጠርኩበት ወርክሾፕ ነው። አዲስ ሰው መቁረጫው ጋር ይመደባል፤ ቁጥር ማንበብ ይበቃል። ኃላፊያችን ሽማግሌ ነበሩ። ብዙ አያወሩም። የቆረጥኩትን አንስተው ስኳድራ (የ90 ዲግሪ መለኪያ) ያስጠጉበትና ወደ መስኮቱ ያዞሩታል። በመሃል ብርሃን ካለፈ ዝም ብለው ብረቱን ይመልሱልኛል። ካላለፈ ቀጣዩን ያቀብሉኛል። ከዚያ በላይ አስተማሪ አላየሁም።

መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። ከዚያ የምላጩን አካሄድ እዩ። የምላጩ ጀርባ ወደ መዘውሩ ጠርዝ ይጠጋል እንጂ እየፋቀ መሄድ የለበትም። እየፋቀ ከሆነ ሁለቱም ይበላሉ። ውጥረቱም ጠበቅ ይበል፤ የላላ ምላጭ መሃል ላይ ሲደርስ ይሸሻል።

ዋናው ጉዳይ ኩሽኔታዎቹ ናቸው። ምላጩን ግራና ቀኝ ይዘው የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። አንደኛው የተቀመጠበት ቡሎን መሃሉ የተዛነፈ ስለሆነ፣ ሲዞር ኩሽኔታው ወደ ምላጩ ይጠጋል ወይም ይርቃል። ምላጩ ቆሞ እያለ ኩሽኔታውን በጣታችሁ አዙሩት። ትንሽ እየከበደ ከዞረ ልክ ነው። እንደ ልቡ የሚሽከረከር ከሆነ ላልቷል። ጭራሽ እምቢ ካለ ደግሞ ጠብቋል። ሁለቱንም የኩሽኔታ መያዣዎች የሚቆረጠው ብረት እስኪፈቅድ ድረስ አቀራርቧቸው። በመካከላቸው ያለው ምላጭ በረዘመ ቁጥር ይወላገዳል።

አሁን አንድ ወፍራም ብረት ቁረጡና በስኳድራ ለኩት። ከላይ ወደ ታች ካዘመመ ጥፋቱ የኩሽኔታዎቹ ነው። ወደ ጎን ካዘመመ ብረቱን ቆንጥጦ የሚይዘው ሞርሳው ነው። ይህን ሳይለዩ ሁሉንም ቡሎን መነካካት ቀኑን ሙሉ ያስለፋል። አጭር ብረት ስትይዙ በሞርሳው ሌላኛው ጫፍ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ቁራጭ አስገቡ፤ አለበለዚያ መንጋጋው ይዛነፋል።

ስለ ጥርስ ደግሞ አንድ ሕግ አለ። በማንኛውም ሰዓት ቢያንስ 3 ጥርስ ብረቱ ውስጥ መሆን አለበት። ግድግዳው ከ3 ሚሊ ትንሽ ለሚወፍር ቱቦላሬ በኢንች 24 ጥርስ ያለው ይሆናል። 25 ሚሊ ለሆነ ድፍን ብረት 10 ወይም 14 ይበቃል። ሳስቶ ለተሠራ ቱቦላሬ ትልቅ ጥርስ መጠቀም ጥርሱን ማርገፍ ነው። አቅም ካለ ባይሜታል የሚባለውን፣ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራውን ምላጭ ግዙ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ይቆያል።

አዲስ ምላጭ ስትገጥሙ የጥርሱ ጫፍ ምላጩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር። የመጀመሪያዎቹን ቁርጦች የማሽኑን ክንድ ወደ ላይ የሚስበውን ሞላ አጥብቃችሁ ጫናውን ቀንሱለት። በአሮጌው ምላጭ የተጀመረን ቁርጥ ደግሞ በአዲሱ አትጨርሱ። የአሮጌው ጥርስ ስላለቀ መንገዱ ጠባብ ነው፤ አዲሱ እዚያ ውስጥ ይታነቃል። ብረቱን አዙራችሁ በሌላ በኩል ጀምሩ።

ጫናው ልክ መሆኑን ፍቅፋቂው ይናገራል። ተጠቅልሎ ከወጣ ደስ ይበላችሁ። እንደ ዱቄት ከላመ ጫናው አንሷል፣ ጥርሱ እየቆረጠ ሳይሆን እየፈተገ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ግን ሙቀቱ በዝቷል፤ ቺንጋውን (የሞተሩን ቀበቶ) ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት አዛውሩ ወይም ጫናውን ቀንሱ። አሉሚኒየም ፈጠን ያለውን ይወዳል። ጓንት አድርጋችሁ የሚዞር ምላጭ አትጠጉ። መነጽር ግን ሁልጊዜ።

ጥገናው ብዙ አያደክምም። ፍቅፋቂውን ከመዘውሮቹ ላይ በብሩሽ አጽዱ፣ ለረጅም ጊዜ ካልሠራችሁባት ውጥረቱን አላሉ። አብዛኞቻችን የምንገዛው ያገለገለ ስለሆነ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የጊርቦክሱን ክዳን አስከፍቱና ዘይቱን በጣታችሁ ነክታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ወርቃማ ብናኝ በብዛት የሚያብረቀርቅበት ከሆነ የውስጡ የነሐስ ጥርስ እየተበላ ነው። ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ ቀለሟ ቢላጥ፣ ምላጯ ቢደንዝ፣ ሞርሳዋ ቢዝግ አያስጨንቅም። ግዟት።