ቃል ከመቁረጥ ማርባት፦ የጽሑፍ ጨዋታዬ የት ደረሰ?

በጽሑፍ ብቻ የሚሄደው የጀብዱ ጨዋታዬ «ሳጥኑን በቁልፉ ክፈት» ስለው ከፈተልኝ! ላልሞከረው ሰው ተራ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ከወንበሬ ተነስቼ ነው ያጨበጨብኩት።

ክፍሎቹን መሥራት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መዘዋወር፣ ዕቃ ማንሳትና መጣል ብዙም አላስቸገረኝም። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የጀመረ ሁሉ በዲክሽነሪ (ስምን ከመረጃው ጋር በሚያጣምር መዝገብ) ይወጣዋል። ተጫዋቹ የጻፈውን በስፕሊት (ጽሑፍን በክፍተቱ ወደ ቃላት በሚከፍለው የፓይተን መሣሪያ) ከፋፍዬ የመጨረሻውን ቃል ትእዛዝ፣ የቀረውን ዕቃ አደረግኩት። የእንግሊዝኛ መማሪያዎች ግሱን ከፊት ነው የሚፈልጉት፤ እናንተ ከኋላ ፈልጉ። ትልቁን ፊደል ወደ ትንሽ የሚቀይረውን ሎወርን ተዉት፣ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። ይልቅ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዝርያቸው የሚመልስ ሠንጠረዥ አስቀድሙ። ስፕሊት «፡»ን እንደ ክፍተት ስለማይቆጥራት እሷንም ቀድማችሁ በክፍተት ተኩ።

ራሴን ያዞረችኝ «ን» ናት። ተጫዋች «ቁልፉን ውሰድ» ነው የሚለው። ን ስትቆረጥ «ቁልፉ» ይቀራል፤ ዝርዝሬ ላይ ያለው ግን «ቁልፍ» ነው። ይሄኛው እንኳ መላ አለው። በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) አንድ የፊደል ረድፍ ስምንት ቦታ ይይዛል። ፉ 4937፣ ፍ ደግሞ 4941 ነው። ስለዚህ ካዕቡን ሳድስ ለማድረግ 4 መደመር ነው፣ አለቀ።

ግን አላለቀም። «ሳጥን ክፈት» ሲባል ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ን አየ፣ ቆረጠ፣ «ሳጥ» የሚባል ዕቃ ፍለጋ ገባ። «በ»ም ያው ናት። ከ«በቁልፉ» ላይ ስትነሳ ደህና፤ ከ«በሩን» ላይ ስትነሳ «ሩን» ይቀራል። ለእያንዳንዱ ኢፍ («እንዲህ ከሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ) ስጨምር አንዱን ስጠግን ሌላው ይፈርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ዊል ክራውዘር የጻፈው አድቬንቸር የተባለው የጽሑፍ ጨዋታ ከየቃሉ የመጀመሪያዎቹን አምስት ፊደላት ብቻ ነበር የሚያየው። እኔም የቃሉን መነሻ ብቻ ባይስ ብዬ አስቤ ነበር። የሚሆን አይደለም። «በር» እና «በሩን» የሚጋሩት «በ»ን ብቻ ነው። በ«በ» የሚጀምር ዕቃ ደግሞ ሞልቷል።

መላው የመጣው ነገሩን ስገለብጠው ነው። መቁረጡን ትቼ ማርባት ጀመርኩ። ጨዋታው ሲነሳ እያንዳንዱን ዕቃ ይወስድና መልኮቹን ሁሉ ይሠራል፦ በር፣ በሩ፣ በሩን፣ በርን፣ በበሩ፣ ከበሩ። ሁሉም ወደ አንዱ በር ይመራሉ። ስሙ በሳድስ ካለቀ 4 መቀነስ፣ እንደ «ሻማ» ካለቀ «ው» መጨመር። ያፈነገጠ ስም ካለ በእጅ መጻፍ ነው። ተጫዋቹ ሲጽፍ የሚቀረው ፍለጋ ብቻ ነው፤ ግምት የለም። «ሬጌክስ (የቃልን ቅርጽ በምልክቶች መፈለጊያ) ተጠቀም» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ይቅርባችሁ። ዝርዝሩን አትሜ ማየት እችላለሁ፣ የጎደለው ወዲያው ይታየኛል። ሬጌክስን ግን ጠዋት የጻፍኩትን ማታ አላነበውም።

ሌላ ምክር፦ «አልገባኝም» ብቻ የሚል ጨዋታ ያናድዳል። «መሰላሉን ውሰድ» ሲባል መሰላል ከሌለ «መሰላል እዚህ የለም» ይበል። ግሱ ከሆነ ያልገባው ያንኑ ግስ ጠቅሶ ይመልስ። ሁለቱን መለየት ሁለት መስመር ነው የሚፈጀው።

ግሶቹ ጋ ስትመጡ ግን የማርባቱን ምክሬን ራሴም አልተከተልኩትም። «ክፈት፣ ክፈቺ፣ ይክፈቱ፣ ልክፈት፣ እከፍታለሁ» ሁሉም ይመጣሉ፤ ግስ እንደ ስም ጫፎቹ ላይ ብቻ ሳይሆን መሃሉም ይለዋወጣል። እስካሁን እያንዳንዷን በእጄ እየለቀምኩ ነው የማስገባው። «ክፈተው» ሲባልም ፕሮግራሙ መጨረሻ የተጠራውን ዕቃ ማስታወስ አለበት፤ እሱን ገና አልነካሁትም። ግስ የሚያረባ አጭር ፈንክሽን የጻፈ ካለ ወዲህ ይበል።