ምድጃዬን ብርድ ይዞት ነበር

ባለፈው የጡብ ማሞቂያውን ገንብቼ መጨረሴን ነግሬያችሁ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ክረምቱን ሙሉ ስላስቸገረኝ ጭስ ነው።

አሠራሩን ላስታውሳችሁ። እሳቱ ሲነድ ጭሱ ቀጥ ብሎ አይወጣም። በጡቡ ውስጥ ወደ ታች ወርዶ፣ ዞሮ ነው ጭስ ማውጫው ጋ የሚደርሰው። እግረ መንገዱን ሙቀቱን ለጡቡ ይሰጣል። ማታ ደኅና አድርጌ ካነደድኩት እስከ ጠዋት ለብ ብሎ ያድራል። ለደብረ ማርቆስ የሐምሌ ብርድ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሁለት ሦስት ቀን ሳላነድ ቆይቼ ስለኩሰው ጭሱ በበሩ ወደ ቤት ይመለሳል። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትወጣለች። መጀመሪያ ጭስ ማውጫው አጥሮ ነው ብዬ አንድ ሜትር ቧንቧ ቀጠልኩ። ከጣሪያው አናት በላይ መውጣቱ ጥሩ ነው፤ ጭሱ ግን ያው ነው። ከዚያ ማገዶውን ጠረጠርኩ። ባሕር ዛፉ በግንቦት የተፈለጠ ስለሆነ ገና እርጥብ ነው። እሱን ለከርሞ አስቀምጬ ደረቅ ፍልጥ ገዛሁ። እሳቱ ጠራ፣ ጥቀርሻው ቀነሰ። ሲለኮስ ግን አሁንም ያጨሳል።

በመጨረሻ የሰፈራችን አዛውንት ግንበኛ መጥተው አዩልኝ። «በማግሥቱ ስታነድስ ያጨሳል?» አሉኝ። አያጨስም። «እንግዲያው ብርድ ነው የያዘው» አሉ።

ለካ ጭስ ማውጫው ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ከባድ አየር እንደ ውታፍ ይደፍነዋል። ቀዝቃዛው ጡብም የጭሱን ሙቀት ሁሉ መንገድ ላይ ይውጠዋል። ሙቀት ያጣ ጭስ ደግሞ ወደ ላይ የሚወጣበት ጉልበት የለውም። እኛ ደግሞ ያለነው ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጭስ የሚስበው ኃይልም ይደክማል።

ስለዚህ ከማንደጃው ወደ ጭስ ማውጫው በቀጥታ የሚያሻግር ቀዳዳ ከፈትኩ፤ መዝጊያም ሠራሁለት። ከመለኮሴ በፊት በአመድ መጥረጊያው በር አንድ እፍኝ ጭድ አነድበታለሁ። ቧንቧው «ሁ» የሚል ድምፅ ሲያሰማ ምድጃውን እለኩሳለሁ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቼ አቋራጩን እዘጋለሁ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ጭስ አላየሁም።

አንድ ነገር አደራ፦ ፍም እያለ የጭስ ማውጫውን መዝጊያ አትዝጉ። የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ጭሱ ስለጠፋ ብቻ ቤቱ ደኅና ነው አትበሉ።

ሌላው ችግር የአየር መግቢያ ስንጥቅ ነበር። እሳቱ እየነደደ ጧፍ አብርቼ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ዞርኩ። አመድ መጥረጊያው በር ጥግ ላይ ስደርስ የጧፉ ነበልባል ተጋድሞ ወደ ስንጥቁ ገባ። እዚያ ጋ ቀዝቃዛ አየር እየሳበ ጭሱን ያበርደው ነበር። የመጀመሪያው ምርጊት ጭቃው ስለበዛበት ነው የተሰነጠቀው። አሁን አንድ እጅ ጭቃ ለሦስት እጅ አሸዋ አድርጌ መረግኩት። ይዟል።

ከማንደጃው በር በላይ ያለው ስንጥቅ ግን አልተፈታም። የውስጡ ጡብ ሲግል ይሰፋል፤ እኔ ደግሞ ከውጭው ግድግዳ ጋር አጣብቄ ገነባሁት። መስከረም ሲጠባ ፊቱን አፍርሼ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት እተዋለሁ።