ሐዋሳ ላይ ጀልባ ከመከራየታችን በፊት

ጓደኞቼ ከአዲስ አበባ የደወሉት ፔሊካን ጎጆው ላይ ለማየት ነበር። ችግሩ ፔሊካን ሐዋሳ ሐይቅ ብቅ የሚለው ለዓሣው ነው። በመራቢያነት ከድሮ ጀምሮ የሚታወቁት ሻላ ሐይቅ ውስጥ ያሉት ደሴቶች ናቸው። ሻላ ላይ ደግሞ የረባ ዓሣ ስለሌለ ወላጆቹ ለምግብ አጠገቡ ወዳለው አብያታ ሐይቅ ይመላለሱ ነበር፤ አብያታም ለመስኖና ሶዳ አሽ ለሚባለው የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ማምረቻ ውሃው ሲወሰድ እየሸሸ፣ ጨዋማነቱ እየበረታ ሄዶ ዓሣው አለቀ። እነዚህ ወፎች ያለባቸው ጣጣ አይበቃም? እኛ ደግሞ በጀልባ ሄደን እንረብሻቸው? ይቅር አልኳቸውና እቅዱን ወደ ጃካና አዞርነው።

ጃካና ቡናማ ገላ፣ ነጭ አንገትና ሰማያዊ ግንባር ያላት ወፍ ናት። ጣቶቿ ከመጠን በላይ ረጃጅም ናቸው። ክብደቷ ስለሚከፋፈል ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል እንደ ልቧ ትራመዳለች። ጎጆውም እዚያው ቅጠል ላይ ነው። እንቁላሉ ብዙ ጊዜ 4 ነው፤ የሚታቀፈውና ጫጩት የሚያሳድገው ወንዱ ነው። ሴቷ ጥላለት ሌላ ባል ፍለጋ ትሄዳለች። ይሄን ስነግራቸው አንዷ በሳቅ ፍርስ አለች።

ጉዞውን መስከረም መጨረሻ ላይ አደረግነው፤ ክረምቱ ሐይቁን ሞልቶት ቅጠሉ የሚሰፋበት ጊዜ ነው። ጥር ላይ ወፉ ይበዛል፣ ግን ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽቶ የመጣው እንግዳ እዚህ እንቁላል አይጥልም።

የተጨቃጨቅነው በጀልባው ነው። ሁሉም ሞተር ፈለገ። እኔ መቅዘፊያ ካልሆነ አልሄድም አልኩ፤ ተንሳፋፊ ጎጆ አጠገብ ሞተር እየነዱ ማለፍ ማለት እኮ ማዕበሉ እንቁላሉን ጠራርጎ ውሃ ውስጥ እንዲከተው መፍቀድ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚነሣም ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የከተማው የሐይቅ ዳርቻ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ለመነሣት ተስማማን። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት የግድ ነው። ጉማሬ አለ።

ከጀልባ ነጂው ጋር ከዋጋው በፊት የተነጋገርነው ስለ ርቀት ነው።

«ጋሼ፣ ጎጆ ካየን ከሩቅ ቆመን ነው የምናየው፤ እንዳይጠጉ።»

«ኧረ ልጄ፣ ሌሎቹ እኮ ጠጋ በል እያሉ ጉርሻ ይጨምሩልኛል!»

«እኛ ባለመጠጋትዎ እንጨምራለን።»

ሳቀና ተስማማ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ወፉ ከተነሣ እንቁላሉ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል። ቄጠማው ዳር ቆመን ወንዱ ተቀምጦ አየነው፤ ለረጅም ጊዜ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው ወርደን የዓሣ ሾርባችንን ጠጣን፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ሆድቃ እስኪጣልላቸው ከበውን ቆመው ነበር።

ፎቷችን ላይ ጃካናው አንድ ነጥብ ነው። አንዷ አሁንም በዚህ ታኮርፋለች። በሚቀጥለው ቢኖኩላር ይዛ ትምጣ!