ዲኤልፒው ስለ ቆዳው አይነግራችሁም

በሲቲ ስካን እየታየ ባዮፕሲ (ለምርመራ የሚሆን የሥጋ ናሙና) ሲወሰድ ወይም ከጉበት መግል በቱቦ ሲወጣ የሁሉም ሰው ዓይን መርፌው ላይ ነው። መሆንም አለበት። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን እኔ ሁሌ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ መርፌው በገባበት በኩል ያለው ቆዳ ስንት ጨረር ወሰደ? አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረኝ ዲኤልፒው (DLP)፣ ማለትም ማሽኑ ለጠቅላላው ምርመራ የሚያሳየው የጨረር ድምር ነው። ዲኤልፒ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ አይመልስም።

ዲኤልፒ ማለት ሲቲዲአይቮል (CTDIvol)፣ ማለትም ማሽኑ ለአንድ ስካን የሚያሳየው የጨረር መጠን፣ በተነሳው የሰውነት ርዝመት ሲባዛ ነው። ሙሉ ሆድ አንዴ ቢነሳና አንድ ጠባብ ቦታ ሃያ ጊዜ ቢነሳ ሁለቱ ተመሳሳይ ዲኤልፒ ሊያወጡ ይችላሉ። በመጀመሪያው ጨረሩ ብዙ ሴንቲ ሜትር ላይ ተሰራጭቷል፤ በሁለተኛው ግን ያው አንድ ቀበቶ ያህል ቆዳ ነው ሁሉንም የተሸከመው። ለቆዳ ወሳኙ ይሄ ነው።

ስለዚህ ሲቲዲአይቮሉን ያዙ። እሱም ቢሆን በታካሚው ላይ የተለካ አይደለም። የሚለካው በአክሪሊክ ፋንተም (በሰው አካል ምትክ በሚቀመጥ ክብ ፕላስቲክ) ነው፤ ለአካል 32 ሴንቲ ሜትር፣ ለጭንቅላት 16 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው። አማካዩ ሲሰላ መሃሉ አንድ ሦስተኛ፣ ዳሩ ሁለት ሦስተኛ ይይዛል። በትልቁ ፋንተም የዳሩ መጠን የመሃሉን እጥፍ ገደማ ነው። መሃሉን 1፣ ዳሩን 2 ብላችሁ ብታሰሉት አማካዩ 1.67 ይመጣል፣ ዳሩ ማለትም ቆዳው ያለበት ደግሞ የአማካዩ 1.2 እጥፍ ይሆናል። አልጋው እየተንቀሳቀሰ ለሚነሳ ሄሊካል ስካን እኔ የምጠቀመው ይህን ነው።

አልጋው ሲቆም ነገሩ ይለወጣል። ሲቲዲአይ የተቀመረው ጎን ለጎን የተነሱ ብዙ ቁራጮች እንዳሉ፣ ከእያንዳንዱ የሚበተነው ጨረርም ወደ ጎረቤቱ ሄዶ እንደሚደመር ታስቦ ነው። መርፌውን ለማየት እዚያው ቆመን ምስል የሚያነሳውን ፔዳል ስንረግጥ ግን እነዚያ ጎረቤት ቁራጮች የሉም። ስለዚህ እዚያች ነጥብ ላይ ያለው መጠን ስክሪኑ ከሚለው ግማሽ አካባቢ ይሆናል። 1.2ን በግማሽ ስታባዙት 0.6 ነው።

ለማሳያ ያህል እንዲህ እንበል። የመጀመሪያው ሄሊካል 12 ሚሊግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ፤ 1000ው አንድ ግሬይ ነው)፣ የመጨረሻውም 12፣ በመሃል መርፌውን ለማየት 20 ጊዜ እያንዳንዱ 5 ሚሊግሬይ። ሁለቱ ሄሊካሎች በ1.2 ሲባዙ ወደ 29፣ የመሃሉ 100 በ0.6 ሲባዛ 60፣ በድምሩ ወደ 90 ሚሊግሬይ ይሆናል። ጊዜያዊ የቆዳ መቅላት የሚጀምረው 2 ግሬይ አካባቢ ስለሆነ ገና ብዙ ይቀረዋል። ለአንድ ተራ ባዮፕሲ ታካሚውን ማስፈራራት ልክ አይደለም፣ በተለይ ካንሰር መሆን አለመሆኑ ሳይታወቅ ሲቀር የሚመጣው ጉዳት እጅግ ይከብዳልና።

የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ዕጢ በማቃጠል ወይም በማቀዝቀዝ ሲታከም ምስሉ በየደቂቃው ሊደጋገም ይችላል። ያው ሰው ከሳምንት በኋላ ተመልሶ በዚያው ጎን ሊተኛ ይችላል። ቀጭን ሰው ወይም ሕፃን ከሆነ ደግሞ በ32 ሴንቲ ሜትሩ ፋንተም የተሰላው ቁጥር ከእውነተኛው ያንሳል፤ ለዚህ የአሜሪካ የሕክምና ፊዚሲስቶች ማኅበር በ2011 በሰውነት ስፋት የሚሄድ ማስተካከያ አውጥቷል። ያ ማስተካከያ ለቆዳ ተብሎ የተሠራ አይደለም፣ ግን ቁጥሩ ወደየት እንደሚያደላ ያሳያል።

«ሲቲ ቆዳ አይጎዳም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የ2009ን የሎስ አንጀለስ ጉዳይ አነሳለታለሁ። ስትሮክ ለተጠረጠረባቸው ሰዎች የአንጎል ፐርፊዩዥን ስካን (የደም ፍሰትን የሚያሳይ) ሲደረግ 0.5 ግሬይ አካባቢ መሆን የነበረበት 3 እና 4 ግሬይ ደረሰ፣ ከ200 በላይ ታካሚዎችን ነካ፣ የአንዳንዶቹ ፀጉር ረገፈ። ነገሩ 18 ወር ገደማ ሳይታወቅ ቆይቷል። ፐርፊዩዥን እንደ መርፌ ሥራው አንድ ቦታን ደጋግሞ የሚያነሳ ምርመራ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡ ማሽኖች የማስጠንቀቂያ ገደብ አላቸው፣ የተለመደውም 1000 ሚሊግሬይ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ማሽኑ የሚደምረው ግን የዛሬውን ምርመራ ብቻ ነው፣ ያለፈውን ወር አያውቅም። ያንን ማወቅ የሚቻለው ሪፖርቱ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው። ከዲኤልፒው ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፦ አልጋው ቆሞ የተነሳው ሲቲዲአይቮል ድምር ስንት ነው፣ የትኛው ፋንተም፣ የትኛው የሰውነት ክፍል ላይ፣ ታካሚው በየትኛው ጎኑ ተኝቶ። ግምቱ ወደ 2 ግሬይ ከተጠጋ ደግሞ ታካሚው ራሱ ይነገረው፣ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ቆዳው ቢቀላ ወይም ፀጉር ቢረግፍ ለማን እንደሚደውልም ስልኩ ይሰጠው።