ለዛገ ቡሎን የሚታመን ፒንሳ
ጋራዣችን የገባው መኪና ከሥሩ ይጮህ ነበር። ሊፍት ላይ አውጥተን ስናየው ነገሩ ግልጽ ነው። ሁለቱ የማርሚታ ቱቦዎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው ጋስኬት፣ ማለትም ጭስ እንዳያፈተልክ በመሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል። ጋስኬት መቀየር ደግሞ ቀላል ሥራ ነው፤ ሦስቱ ቡሎኖች እሺ ካሉ።

ሁለቱ በቡሶላ፣ ማለትም የቡሎኑን ራስ ዙሪያውን በሚያቅፈው መፍቻ፣ ተፈቱ። የሦስተኛውን ራስ ግን ዝገት በልቶት ጠርዝ የሚባል አልቀረውም። ቡሶላው ብቻውን ይሽከረከራል፣ ቡሎኑ ንቅንቅ አይልም።

ረዳታችን ቀልጣፋ ልጅ ነው። «ማስተር፣ ቫይስ ግሪፕ ላምጣ?» አለና መልስ ሳይጠብቅ ሮጠ። ቫይስ ግሪፕ ነክሶ የሚቆለፍ ፒንሳ ነው። ይዞ የመጣው በቅርቡ ለጋራዡ ከተገዙት አንዱን ነው። ያብረቀርቃል፣ እጀታው ላይም ጎማ አለው። ቡሎኑን አስነክሶ ቆለፈው። ቀጭ አለ። በሙሉ ኃይሉ ሲስበው ግን ፒንሳው ተንሸራቶ ወጣና የልጁ እጅ ሻሲው ላይ አረፈ። የጣቶቹ አንጓ ተላጠ። ጓንት አጥልቆ ደገመው። አሁንም አመለጠው። የቡሎኑ ራስ ከበፊቱ የባሰ ክብ ሆነ።

አለቃችን ከሌላ መኪና ሥር ወጥቶ መጣ። «ተው ልጄ፣ አቁም። ቡሎኑን እየጨረስከው ነው» አለው። ፒንሳውን ተቀብሎ መንጋጋውን ወደ መብራቱ አዞረ። የጥርሶቹ ጫፍ ተኝቷል። ከላይ የመጣውና ከታች የመጣው መንጋጋ ፊት ለፊት አይገጥሙም፤ አንዱ ወደ ጎን ሄዷል። የፒንሳውን ክፍሎች የሚያያይዘው ምስማር፣ ሪቬቱ፣ ጋ ይዞ ሲያወዛውዘው ይላወሳል። ይህ ሁሉ ገና አንድ ቡሎን እንኳ ባልፈታ አዲስ ዕቃ ላይ ነው።

እኔን ያናደደኝ የልጁ እጅ ነው። ዕቃ ገዢዎቹ ሲያዩት የነበረው ዋጋውንና ማብረቅረቁን ነው። ቆላፊ ፒንሳ ግን እንደ ሌላው መፍቻ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ቁልፍ ቢያቅተው ቡሶላ አለ። ቡሶላ ቢያቅተው ቆላፊ ፒንሳ አለ። እሱ ካቃተው የሚቀረው መጋዝ፣ ትራፓኖና እሳት ነው። አንድ ጊዜ ተንሸራቶ የቡሎኑን ራስ በላጠው ቁጥር ደግሞ ቀጥሎ ለሚመጣው መሣሪያ የሚነክሰው ነገር እያሳጣው ነው። ሳጥናችን ውስጥ በርካሽ ሊገዛ የማይገባው ዕቃ ምንድን ነው ብትሉኝ ይህንን እጠራለሁ።

አሠራሩን ማወቅ ለምርጫ ይረዳል። እጀታው ላይ መቆለፊያ ያለውን ፒንሳ እ.ኤ.አ. በ1924 ፓተንት ያስወጣው ዊልያም ፒተርሰን የተባለ፣ ከዴንማርክ ሄዶ በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት የኖረ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ዘዴው ዛሬም ያው ነው። እጀታዎቹን ስንጨምቅ በመሃል ያለው አጭር ብረት ቀጥ ይልና ቀጥታውን መስመር ትንሽ አልፎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ እጃችንን ብንለቅም መንጋጋው አይለቅም። ይህ የሚሠራው ግን ብረቱ ሳይለጠጥ፣ ሪቬቱም ሳይላወስ ኃይሉን ከተሸከመ ነው። ሪቬቱ ላይ ያለ ትንሽ ክፍተት መንጋጋው ላይ ሲደርስ መንሸራተት ይሆናል።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው ሪቬቱን ነው። ፒንሳውን ዘግቼ መንጋጋዎቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እገፋለሁ። ከተላወሰ እመልሰዋለሁ። ቀጥሎ ዘግቼ ወደ ብርሃን አየዋለሁ፤ ጥርስ ከጥርስ መግጠም አለበት። ቁሱ ክሮም ቫናዲየም ወይም ክሮም ሞሊብዲነም ብረት ቢሆን ጥሩ ነው። ዋናው ግን መንጋጋው በሙቀት የጠነከረ መሆኑ ነው። መኪና ላይ ያሉ ቡሎኖች ብዙዎቹ ራሳቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ብረቱ ይጠነክራል። የፒንሳው ጥርስ ከቡሎኑ በደንብ ካልጠነከረ በሚነክሰው ፋንታ ራሱ ይተኛል። የልጁ ፒንሳ የሆነውም ይህ ነው።

ቅርጹም ወሳኝ ነው። ለክብና ለተበላ ራስ ጎበጥ ያለ መንጋጋ ያለው ይሻላል፤ ከአንድ በላይ ቦታ ይይዛልና። ቀጥ ያለው ለጠፍጣፋ ብረት ነው። ቦታ ካለ ደግሞ ርዝመቱ 10 ኢንች የሆነው ይመረጣል። 7 ኢንቹ ጠባብ ቦታ ቢገባም ጉልበቱ ያንሳል። የእጀታው ጎማ ግን ለምቾት ካልሆነ ለመንከሱ ምንም አይጨምርም።

አለቃችን የራሱን አሮጌ ፒንሳ አወጣ። ቀለሙ ሁሉ ለቋል፣ ጥርሱ ግን ስለታም ነው። ወዲያው አልነከሰም። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረገ፣ ሰርሳሪ ዘይት ረጨበት፣ የቡሎኑን ራስ በመዶሻ ደጋግሞ መታ መታ አደረገውና ሻይ ጠጥተን እንድንመለስ አዘዘን። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በቡሎኑ ጥርሶች መካከል እንደ ሽብልቅ ይወጠራል። ምቱ ያንን ውጥረት ይሰነጥቀዋል፣ ዘይቱም በስንጥቁ ይገባል። ይህን ትዕግሥት የትኛውም ውድ ፒንሳ አይተካውም።

ስንመለስ ከእጀታው ጀርባ ያለችውን ማስተካከያ ቪቴ አጠበቀ። መንጋጋው ቡሎኑን ሲነካ አላቆመም፤ ከፍቶ ትንሽ ጨመረበት። «በአንድ እጅ በቀላሉ ከተዘጋ አልነከሰም ማለት ነው» አለው ልጁን። በሁለት እጁ ጨምቆ ዘጋው። መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ነቅነቅ አደረገው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው፣ ደግሞ መልሶ። ጠጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቡሎኑ መጣ። ልጁ «ወይኔ!» ብሎ በተጠቀለለው እጁ አጨበጨበ።

ሦስቱንም ቡሎኖች በአዲስ ቀየርናቸው፤ ጥርሳቸውን ሙቀት የሚችል የመዳብ ቅባት ቀብተን ነው ያሰርናቸው። ቀጣዩ ሰው እንዳይሰቃይ። እነዚያ የሚያብረቀርቁት ፒንሳዎች ለብየዳ ቆርቆሮ መያዣ ሆነው ቀሩ፤ ለእሱ ይበቃሉ።

ልጁ አሁን የራሱን ገዝቷል፣ ጥሩ መርጧል። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሜ እነግረዋለሁ። እጀታው ላይ ቱቦ ሰክቶ ማስረዘም የለም፤ የሚሰበረው ያን ጊዜ ነው። ቡሎኑን ማሞቅ ካስፈለገም መጀመሪያ ፒንሳው ይውረድ። እሳት የመንጋጋውን ጥንካሬ ያጠፋዋል፣ ከቀዘቀዘም በኋላ አይመለስም። የተረጨውም ዘይት አስቀድሞ በጨርቅ ይጠረግ፣ ይቀጣጠላል።