ከረጢቱ

በ2020፣ በኮቪድ ጊዜ፣ አንድ ቀን ላይብረሪ ሄድኩ ስል እንዳትደነግጡ፤ በሩን እንኳ አላለፍኩም። እዚህ አሜሪካ፣ ሲያትል ላይብረሪዎቹ ከማርች 2020 ጀምሮ ተዘግተው ነበር፤ ያኔ መጽሐፉን በኢንተርኔት አዘሽ፣ በቀጠሮሽ ሰዓት ደጃፉ ላይ ነበር የምትወስጂው።

ማስክ ያጠለቀች ልጅ ስሜን ከርቀት ጠየቀችኝ። ጠረጴዛው ላይ ቡናማ የወረቀት ከረጢት አስቀምጣ ወደ ኋላ ሸሸት አለች፤ እኔ ተጠግቼ አነሳሁ። የቤተ ክርስቲያን ጠበል የምቀበል ነው የመሰለኝ! ከረጢቱ ላይ የአባቴ ስም በማርከር ተጽፏል፣ ያውም አንድ ፊደል ተገድፎ።

የመለስኳቸው መጻሕፍት ደግሞ ያኔ ወዲያው መደርደሪያ አይገቡም ነበር፤ ለቀናት ለብቻቸው ይቀመጡ ነበር። ቫይረሱ ካርቶን ላይ እስከ 24፣ ፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት ተገኝቷል ተብሎ አልነበር? የላይብረሪ የልጆች መጽሐፍ ሽፋን ደግሞ ብዙው ፕላስቲክ ነው። «እማዬ፣ መጽሐፉም ኳራንቲን ይገባል?» አለኝ ልጄ። «አዎ፣ ይገባል» አልኩት። ቢዘገይም ግን ቅጣት የለም፤ እሱን ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ አንስተውታል። ተመስገን፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የከፈልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ተመልሰን በሜሴንጀር ለእናቴ ደወልን። አዲስ አበባ መሽቷል፣ እኛ ጋ ገና ቀን ነው። ልጄ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ሥዕል ስልኩ ላይ ለጥፎ ያሳያታል፤ እሷ ሥዕሉን እያየች የራሷን ታሪክ በአማርኛ ትፈጥራለች። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ድብ ያን ዕለት ጅብ ሆኖ አደረ።